አብሽር፣ ማሽን ላይ ነው!

እኛ ወሎዬዎች ታድለናል። «አብሽር» የሚባል ቃል አለን። ከአረብኛ የመጣ ነው፤ ፍቺው «ደስ ይበልህ፣ መልካም ዜና አለልህ» ነው። የግዕዙ «ብሥራት» የሥጋ ዘመዱ ነው። እንግዲህ ደሴ ላይ «አብሽር» የሚልህ ሁሉ አብሳሪ ነው። በአንድ ከተማ ይህን ያህል መልአክ!

ለታመመና ላዘነ ሰው ሲባልማ ዛሬም አንጀት ያርሳል። እኔ የማደንቀው አዲሱን ሥራውን ነው።

ለአረፋ ሱሪ ላሰፋ ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። «ይደርሳል?» አልኩት ልብስ ሰፊውን። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «አብሽር!» አለኝ። ሐሙስ ሄድኩ። «ማሽን ላይ ነው፣ ወንድም ዓለም።» ቅዳሜም ማሽን ላይ ነው። ሰኞ አንገቴን አስግጌ አየሁ። እውነቱን ነው! ጨርቄ ማሽኑ ላይ ነው። ከነፌስታሉ፣ እኔው በቋጠርኩት ቋጠሮ። የሻይ ብርጭቆም ተቀምጦበታል። ታዲያ ሰውየው ምን ዋሸ? «እየተሰፋ ነው» አላለም። ያንን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በልቤ። መዝገበ ቃላት ይዤ ብከሰው ፍርዱ ለእሱ ነው።

ደግሞ መናኸሪያ ውረድ። የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት «የሞላ! የሞላ!» ይላል። ዘለህ ትገባለህ። ያላችሁት አንተና ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት ናችሁ። ሹፌሩ እንኳ የለም። እንግዳ ሰው ይናደዳል። የአገሩ ሰው ግን ይገባዋል፤ «የሞላ» ማለት «ከሞላ እንሄዳለን» ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ስልክ ይጮሃል። «ሀረጎን እየወረድኩ ነው!» ይላል፤ የኮምቦልቻ መንገድ ቁልቁለት ላይ ነኝ ማለቱ ነው። ሞተሩ ገና አልተነሳም። ኮምቦልቻ የሚጠብቀውም ሞኝ አይደለም፤ ሁለተኛ ቡና ያዛል። ሁለቱም ተግባብተዋል። ምን ዓይነት የሠለጠነ ሕዝብ ነው!

(«ኢንሻ አላህ»ን አልነካም። የእሱ ጉዳይ ከፈጣሪ ጋር ነው።)

አረፋ በአሮጌው ሱሪዬ አለፈ። ትናንት ልብስ ሰፊው ዘንድ ጎራ አልኩ። ፌስታሉ ማሽኑ ላይ የለም። ልቤ ዘለለ። «ተቆረጠ እንዴ?» አልኩት። ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ፣ «መጣሁ!» ብሎኝ ሄደ።

ይኸው ሱቁን እየጠበቅኩለት ነው።