ማስተካከያ፦ ጂሚ ካርተር ከእርሻ በቀጥታ አገረ ገዥ አልሆኑም

አንድ በስፋት የተጋራ ጽሑፍ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከባሕር ኃይል ወጥተው ኦቾሎኒ ሲያመርቱ እንደቆዩና እ.ኤ.አ. በ1970 ከእርሻቸው በቀጥታ የጆርጂያ አገረ ገዥ ለመሆን እንደተመረጡ ይናገራል። ይህ ስህተት ነው። የግዛቱ ምክር ቤት መዛግብትና ካርተር ራሳቸው የጻፉት ማስታወሻ እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 በጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት (በአገር አቀፉ ሳይሆን) ሴናተር ነበሩ።

ወንበሩ ደግሞ በዋዛ አልተገኘም። በ1962 የፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸንፈዋል ተባሉ። ኩዊትማን በተባለው ካውንቲ ግን ድምፅ የሰጠው 333 ሰው ሆኖ ሳለ ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት 420 ነበር። ከመራጮቹ ብዙዎቹ በፊደል ተራ ተሰልፈው የመረጡ ይመስል ስማቸው በቅደም ተከተል ተጽፏል። ሟቾችም ነበሩበት! ካርተር ዝም አላሉም። አቤት ብለው፣ ተከራክረው ረቱ።

ይህን መዝለል ትንሽ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው የእኛን ምርጫ የታዘቡት ሰው፣ የፖለቲካ ሕይወታቸው ገና ሲጀመር በኮሮጆ ግልበጣ ሊቀር የነበረ ነው። በታዛቢነታቸው የተደሰተም የተቀየመም ይህን ማወቅ አለበት። ጽሑፉን ያጋራችሁ እባካችሁ ይህን ማስተካከያ አያይዙበት።