ይድረስ ለክቡር የቮሊዩም ኮሽኮሽታ

ለ፦ ክቡር ኮሽኮሽታ
ከማዞሪያው ሥር፣ ፖቴንሺዮሜትሩ ውስጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የድሮ ቤዝ ጊታር ሽያጭ ከማሰናከል እንዲታቀቡ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፤

ቤዙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ትንፍሽ አላሉም። ገዢ መጥቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ቮሊዩሙን በሁለት ጣቱ ገና ሲነካው ግን "ክርርርሽ!" ብለው ብቅ ይላሉ። የገዢው ቅንድብ ይነሣል፣ አንገቱ ይዘማል፣ "ኤሌክትሪኩ አልቋላ!" ይላል። ይዞት ከመጣው ገንዘብ ሩቡ እዚያው ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ስንት መድረክ ያየ እንጨት በእርስዎ አንዲት ሳል ተዳኝቶ ያድራል።

ማን እንደሆኑ ስለምናውቅ ብዙ አይኩራሩ። ፖቴንሺዮሜትሩ (በአጭሩ ፖቱ፣ ማዞሪያው የሚያዞረው የድምፅ መቀነሻና መጨመሪያ)፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር በአብዛኞቹ የድሮ ቤዞቹ ላይ 250 ኪሎ ኦም ያደረገው፣ ውስጡ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ የካርቦን መንገድ አለው። በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ትንሸራተታለች። አቧራ፣ የደረቀ ቅባትና ዝገት ሲጋገሩበት ምላሷ እየዘለለች ትሄዳለች፤ ግንኙነቱ በተቋረጠና በተመለሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ዝላዩን ያጎላዋል። ክቡርነትዎ ማለት እንግዲህ ይኸው ነዎት፤ ማይክ ያገኘ እድፍ።

የሚያበሽቀው ሊፈሩ የሚገባቸው ሌሎቹ ዝም ማለታቸው ነው። የቤዝ አራት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ 80 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ። ያንን የሚመክተው አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት፣ ትረስ ሮድ፣ ነው። የብረቱ ማጥበቂያ ዳዶ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም እንደ ቀስት ከጎበጠ ዋጋው በእርግጥ ሊወድቅ ይገባል፤ ግን እሱ አያስልም። በድሮ ፌንደሮች ላይ ደግሞ ዳዶው ያለው በአንገቱ ግርጌ፣ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት በኩል ነው። ለመድረስ አራቱን ብሎኖች ማላላት ስለሚጠይቅ ገዢ አይጠይቅም፣ ሻጭ አያነሣም፣ ሁለቱም በሰላም ይለያያሉ።

ብሎን ሳይነካ እንኳ መመዘን ይቻል ነበር። ወፍራሙን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ተጭኖ፣ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ደኅና። ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ "ዳዶው ገና ይዞራል ወይ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ አንገቱ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሄዷል። ብዙ የተጫወተ ቤዝ ከሆነ ደግሞ በቤዙ ጭንቅላት በኩል ያሉትን የመጀመሪያ ፍሬቶች በጥፍር መዳበስ ነው፤ ክሩ የቆፈረው ጎድጓዳ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ የፍሬት ሥራ እየመጣ ነው፤ ያ ደግሞ ከእርስዎ ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው። ገዢያችን ይህን ሁሉ ትቶ "ቮሊዩሙ ይንኮሻኮሻል" ብሎ ይመዘግባል።

ከገዢው የባሰው ግን የሻጩ ወዳጅ ነው። "ምን ያስጨንቅሃል? ፖቱን ቀይረውና ተገላገል፤ ርካሽ እኮ ነው!" ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። የድሮው ፖት ጀርባ ላይ ቁጥር ተመቷል። ለምሳሌ 1376633 ቢሆን፣ 137 ሠሪው ሲቲኤስ መሆኑን፣ 66 ዓመቱን፣ 33 ሳምንቱን ይናገራል፤ በ304 የሚጀምር ከሆነ ስታክፖል ነው። ይህ ቁጥር ከአንገቱ ግርጌ ካለው ቀን ጋር ሲገጥም ቤዙ መታወቂያ ያለው ሰው ሆነ ማለት ነው። እርግጥ ቁጥሩ የሚናገረው ቤዙ ከዚያ ሳምንት በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው። ፌንደር በ1966 ፖት በገፍ ገዝቶ ስለነበር እስከ 1969 በተሠሩት ላይም የ66 ቁጥር ይገኛል፤ ይህን ያላወቀ ሻጭ የ69ኙን ቤዝ "የ66 ነው" እያለ ይምላል፣ ይህን ያላወቀ ገዢም "ተቀያይሯል" እያለ ይከሳል። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ብየዳው አለ። ከፋብሪካ ወዲህ ያልተነካ የብየዳ ሊድ፣ በጨርቅ የተለበጠው ሽቦ እንደታጠፈ ያለበት፣ አንዴ ከቀለጠ በገንዘብ አይመለስም። እርስዎን ለማባረር ሲባል ለቤዙ ልደት ምስክር የሆነው ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። ቀድሞ የተቀየረ ከሆነ አሮጌውን ፖት በከረጢት አድርጎ ከቤዙ ጋር ማስረከብ ነው።

ስለዚህ እርስዎን የምናስወጣው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይከፈት ማዞሪያውን ከጫፍ ጫፍ 30 ወይም 40 ጊዜ ማዞር፤ አንዳንዴ በዚህ ብቻ ጓዝዎን ይጠቀልላሉ። እምቢ ካሉ ገመዱ ይነቀልና ይከፈታል። ጃዝ ቤዝ በሚባለው የፌንደር ሞዴል ላይ ፖቶቹ ያሉት በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ስለሆነ ክር እንኳ ማላላት አያስፈልግም። በሌላው ሞዴል፣ በአብዛኞቹ ፕሪሲዥኖች ላይ ግን ፒክጋርዱ፣ ገላውን ከጭረት የሚከላከለው ልባስ፣ በሙሉ መነሣት አለበት፤ የ60ዎቹ መጀመሪያ ሴሉሎይድ ከሆነ በዕድሜ ተሸማቅቆ ብሎኖቹን ስለሚወጥር በችኮላ የሚፈታ ሰው ይሰነጥቀዋል። እዚህ ላይ ካቻቢቴ ከመያዝ ትዕግሥት መያዝ ይቀድማል።

ከተከፈተ በኋላ ገላው በጨርቅ ይሸፈን፤ የድሮው ናይትሮሴሉሎስ ቀለም የሚረጭ ፈሳሽ ሲነካው ሊላጥ ይችላል። ለኤሌክትሪክ ግንኙነት የተሠራው ማጽጃ፣ በቀጭን ቱቦው፣ ከፖቱ ሦስት እግሮች በላይ ባለችው ክፍተት ሁለቴ ጢስ ጢስ ይደረጋል። ለበር ማጠፊያ የሚረጨው ዘይት አይሆንም፤ ቀጭን ቅባት ትቶ አቧራውን በእጥፍ ይሰበስብልዎታል፣ እርስዎም ከነቤተሰብዎ ይመለሳሉ። ከዚያ እንደገና 30 ጊዜ ማዞር፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ መሞከር። ፖቱን የያዘው ዳዶ ላልቶ ከሆነ፣ ሲጠብቅ ፖቱ አብሮ እንዳይዞር ከውስጥ በጣት ይያዝ፤ አብሮ ከዞረ ያ ያልተነካው ሽቦ ይበጠሳል።

ለፍትሕ ሲባል፣ በስምዎ የሚነግዱ አስመሳዮች እንዳሉም እንመሰክራለን። ማዞሪያው ሳይነካ፣ ገመዱ ሲወዛወዝ የሚመጣው ጩኸት የጃኩ፣ የገመዱ መሰኪያ፣ ነው። ሌላ ጊታር ተሰክቶም ካልጠፋ ጥፋተኛው አምፕሊፋየሩ ነው። ጃዝ ቤዝ ላይ አንዱ ቮሊዩም ሲቀነስ መጥቶ ሁለቱም እስከ ጥግ ሲከፈቱ የሚጠፋው እምምታ ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት) እምምታቸውን እርስ በርስ የሚያጠፋፉት እኩል ሲከፈቱ ነው። እጅ ክሩን ሲነካ ምንም የማይለወጥ እምምታ ግን ከብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ ከሚታሰሩበት ብረት) ሥር የሚያልፈው የግራውንድ ሽቦ መበጠሱን ይጠቁማል። ባትሪ የሚበላ ቤዝ ከሆነ ደግሞ ያረጀ ካፓሲተር ማገድ የነበረበትን የባትሪ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ወደ ፖቱ ያሳልፍና ማጽጃ ቢፈስበትም አይሻለውም። ተጸድቶም በአንድ ነጥብ ላይ ድምፁ ድርግም የሚል ከሆነ ካርቦኑ ተበልቷል፤ ያኔ ፖቱ በክብር ይቀየር።

እኛ ሻጮችም ብንሆን ንጹሐን አይደለንም። ገዢ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ማጽጃ ረጭቶ "ኮሽ ብሎ አያውቅም" የሚል አለን። ሲጋራ ያቃጠለውን፣ የቀበቶ መቆለፊያ የፋቀውን ሁሉ "ወዘና ነው" የሚል አለን፤ ቀለሙ እንደገና መቀባቱን ግን፣ ዋጋውን እስከ ግማሽ የሚያወርደውን፣ ከሁሉም በታች በትንሽ ፊደል የሚጽፍ። ከባሕር ማዶ የሚገዛውም ያው ነው፤ ሦስቴ ጽፎ ስለእርስዎ ይጠይቃል፣ የጣት ሰሌዳው ከምን እንጨት እንደሆነ አንዴ አይጠይቅም። የብራዚል ሮዝዉድ ከሆነ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትንና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት አባሪ አንድ ውስጥ ስላለ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ላይ ተይዞ ሊቀር ይችላል።

ከእንግዲህ ማስታወቂያው ላይ ስምዎ በግልጽ ይጻፋል፦ "ቮሊዩሙ ተጸድቷል፤ ሳይነካ ከከረመ ሊንኮሻኮሽ ይችላል፤ ፖቱና ብየዳው የፋብሪካው ናቸው።" ከጎኑ የፖቱ ቁጥር፣ የአንገቱ ግርጌና የትረስ ሮዱ ዳዶ ፎቶ ይለጠፋል። ማዞሪያው ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮም ይኖራል፤ እዚያ ላይ የፈለጉትን ያህል ይሳሉ።

ከሰላምታ ጋር
የድሮ ቤዝ ሻጮች

ግልባጭ፦
ለተጣበቀው ትረስ ሮድ፦ ዝምታዎ ተመዝግቧል
"ፖቱን ቀይረው" ለሚለው ወዳጃችን፦ ካውያህን ከሶኬቱ ንቀል