ዴስክቶፑ ጠቆረ ተብሎ ፎርማት ማድረግ ይቁም!

ወገን፣ ይሄን ነገር ዝም ማለት አልተቻለም። ደሴ ላይ ከሆጤ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከሰኞ ገበያ የኮምፒውተሩን ሳጥን በባጃጅ አሳቅፎ ጥገና ቤት የሚያመጣ ቤተሰብ ስንት ነው? ምን ሆኖ ነው ሲባል፣ «ሲከፈት የሚመጣው የልጄ የምረቃ ፎቶ ጠፍቶ ጥቁር ሆነብኝ» ይላሉ እናት። ባለሙያው ማውዙን እንኳ ሳይነካ «እማማ፣ ፎርማት ይፈልጋል» ይላል፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። ማታ ኮምፒውተሩ ባዶውን ቤቱ ይገባል። ከምረቃው ፎቶ ጋር የሰርጉም፣ የሟች አባትም ፎቶ፣ የልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ተጠርጓል። በፎቶው ቦታ ደግሞ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። ኮምቦልቻም ያው ነው።

ኧረ በአላህ! ኧረ በእግዜር! የጠቆረ ባክግራውንድ፣ ማለትም ሲከፈት ከኋላ የሚታየው ፎቶ መጥቆሩ፣ ለፎርማት የሚያበቃ ብልሽት አይደለም። በአብዛኛው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፎቶውም ብዙ ጊዜ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ።

የት አለ ለሚል፦ አንድን ፎቶ ባክግራውንድ ስታደርጉት ዊንዶውስ የራሱን ቅጂ አውጥቶ ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ፎቶው የነበረበት ፍላሽ ተነቅሎም፣ ዋናው ፋይል በስህተት ተሰርዞም ባክግራውንዱ የሚቆየው። ቅጂውን ለማግኘት በኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር»ን አብራችሁ ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «አፕዳታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (ኤ-ፒ-ፒ-ዲ-ኤ-ቲ-ኤ)፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ከፊቱም ከኋላውም የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ከዚያ ማይክሮሶፍት፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ቲምስ የሚሉትን ፎልደሮች ተከታትላችሁ ክፈቱ። እዚያ ውስጥ «ትራንስኮድድ ዎልፔፐር» የሚል፣ ምንም ዓይነት የፎቶ ምልክት የሌለው ፋይል ታገኛላችሁ። እሱን ኮፒ አድርጋችሁ ፒክቸርስ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሪኔም ብላችሁ ከስሙ መጨረሻ ነጥብና ጄፒጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ጨምሩ። ወዲያው ፎቶ ሆኖ ይከፈታል። ዊንዶውስ 7 ላይ ጄፒጂው ቀድሞም ስላለ ስም መቀየር አያስፈልግም። ጥራቱ ግን ለስክሪን ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ የካሜራውን ዋና ፎቶ ያህል አትጠብቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ይሄን ቅጂ ሳታወጡ ሌላ ፎቶ ባክግራውንድ አታድርጉ። አዲሱ ፎቶ በዚያው ስም በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል። ሱቁ ፎርማት ሳያደርግ እንኳ ማስታወቂያውን ሲለጥፍ የፎቶው የመጨረሻ ቅጂ የሚጠፋው በዚህ ነው። የሚያንገበግበውም ይሄ ነው! ስልክ ቁጥርህን ማስታወስ ከፈለግህ ሳጥኑ ጎን ላይ ስቲከር ለጥፍ። ስክሪኑ የቤተሰቡ ሳሎን ነው፤ የሰው ሳሎን ገብቶ የግድግዳ ፎቶ አውርዶ የራሱን ማስታወቂያ የሚሰቅል ማን ነው?

ለምን ጠቆረ የሚለው ደግሞ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሳይመረመር የሚፈረደውም ለዚህ ነው የሚያናድደው።

በጣም የተለመደው የዊንዶውሱ አክቲቬት አለመሆን፣ ማለትም ፈቃዱ አለመረጋገጡ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ ባክግራውንዱ ይጠቁርና በቀኝ በኩል ከታች ኮፒው ትክክለኛ እንዳልሆነ የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል። ፎቶውን ብትመልሱትም በየ60 ደቂቃው እንደገና ይጠቁራል፤ ሰው «ቫይረስ ነው» የሚለው ይሄንን አይቶ ነው። 10 እና 11 ላይ ግን መጥቆሩ ቀርቶ የባክግራውንድ መቀየሪያው ሴቲንግ ይደበዝዛል፣ አልነካም ይላል። አብሽሩ፣ የተዘጋው የሴቲንጉ በር ብቻ ነው። ፎቶው ያለበትን ፎልደር ክፈቱ፣ ፎቶው ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ሴት አዝ ዴስክቶፕ ባክግራውንድ» የሚለውን ምረጡ። ይቀየራል። ለዚህ ብር መቀበል ነውር ነው።

ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጫነው ሰው ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የፈቃድ ቁልፋቸው እናት ቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ሆም የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ተገዝቶበት ከሆነ፣ ያንኑ ሆም ሲጭኑበትና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። ሱቁ ግን ፍላሹ ላይ ያለው ፕሮ የሚባለው ሌላው ዓይነት ስለሆነ ለሁሉም ፕሮ ይጭናል። ቁልፉ አይገጥምም፣ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ሴቲንጉ ይዘጋል። ባለቤቱ በሕግ የከፈለበትን ፈቃድ አጥቶ፣ በላዩ ላይ አንቲቫይረስ አስጠፍቶ የሚሠራ ክራክ (ፈቃዱን የሚያጭበረብር ፕሮግራም) ይጫንበታል። ከመጫናችሁ በፊት ማሽኑ ሆም ነው ፕሮ ብላችሁ እዩ እንጂ፣ ጎበዝ!

ሁለተኛው ማንም የማይጠረጥረው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ኢዝ ኦፍ አክሰስ፣ ቀጥሎ ዲስፕሌይ ግቡ። «ሾው ዴስክቶፕ ባክግራውንድ ኢሜጅ» የሚለው ከጠፋ ባክግራውንዱ ጭልም ይላል። አብሩት፣ አለቀ። በ7 እና በ11 ያው ነገር ኮንትሮል ፓነል ውስጥ በዚያው በኢዝ ኦፍ አክሰስ በኩል «ሪሙቭ ባክግራውንድ ኢሜጅስ» ተብሎ ተቀምጧል፤ የራይት ምልክት ካለበት አንሱት። የስክሪኑ ጽሑፍና መስኮቱ ሁሉ ቀለሙ ተገልብጦ ከሆነ ግን ሕፃን ኪቦርድ ሲጫወትበት ግራ አልት፣ ግራ ሺፍትና ፕሪንት ስክሪን አንድ ላይ ተጭነው ይሆናል። እነዚያኑ ሦስቱን መልሳችሁ ተጫኑ።

ፎቶው እየተቀያየረ እንዲመጣ አድርጋችሁት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ስላይድሾው ፎቶዎቹን ከፎልደሩ ነው የሚጠራው፤ ፎልደሩ ፍላሽ ላይ ሆኖ ፍላሹ ከተነቀለ የሚያሳየው ያጣል። ፎልደሩን ሃርድ ዲስኩ ላይ አድርጉት።

መብራት ደግሞ አለ። መብራት በድንገት ሲሄድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ኮምፒውተር እየጻፈ ያለው ፋይል ሊበላሽበት ይችላል፤ የተበላሸው የተጠቃሚው ፕሮፋይል (የእናንተ ሴቲንግና ፋይል ማስቀመጫ) ከሆነ ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፕሮፋይል ከፍቶ ያስገባችኋል። ያኔ ባክግራውንዱ አዲስ ማሽን ላይ የሚመጣው ይሆናል፣ ዴስክቶፕ ላይ የነበረው ፋይል ሁሉ የለም፣ ወደ አካውንታችሁ መግባት አልተቻለም የሚል መልእክትም ይመጣል። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። ፋይሉ ግን አልጠፋም። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ በስማችሁ ያለውን እዩ፤ ዴስክቶፑም ፒክቸርሱም እዚያ ነው። ኮምፒውተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍታችሁ ክፈቱት፣ አንዳንዴ በዚሁ ይመለሳል። ካልተመለሰ ፕሮፋይሉን መጠገን ወይም አዲስ ተጠቃሚ ከፍቶ ፋይሉን ማዛወር ነው። እስከዚያ ግን በጊዜያዊው ፕሮፋይል ላይ ምንም አታስቀምጡ፤ ሳይን አውት ስትሉ አብሮ ይጠፋል።

የሱቅ ማስታወቂያ አልለቅ ያላችሁ፣ ሴቲንጉም በድርጅት የሚተዳደር ነው የሚላችሁ ከሆነ ሆን ተብሎ ተቆልፏል። የቤት ኮምፒውተር ምን ድርጅት አለው? «ሬጅኤዲት»ን (የዊንዶውስን ውስጣዊ የሴቲንግ መዝገብ) በዚያችው ትንሽ ሳጥን በኩል ክፈቱ፤ ከረንት ዩዘር፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ፖሊሲስ ድረስ ውረዱ። አክቲቭ ዴስክቶፕ ውስጥ «ኖ ቼንጂንግ ዎልፔፐር» የሚል፣ ሲስተም ውስጥ ደግሞ «ዎልፔፐር» የሚል ካለ መጀመሪያ ፖሊሲስን ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ እነዚያን ሁለቱን ብቻ አጥፉ፣ ሳይን አውት ብላችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። ሌላ ነገር እዚያ ውስጥ አትንኩ።

ፎቶው ተመልሶ የልጁ ጭንቅላት ከተቆረጠም ምክንያቱ ቀላል ነው። ስልክ ቆሞ የሚያነሳው ፎቶ በአብዛኛው 3 በ4 ነው፣ ስክሪኑ 16 በ9። የባክግራውንዱ ሴቲንግ «ፊል» ላይ ሲሆን ስፋቱን ለመሙላት ከፎቶው ቁመት የሚታየው 42 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «ፊት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል (ሙሉውን ያሳያል) ምረጡ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ቢሆንም ሰውየው ሙሉ ይታያል። ወይም ከጦሳ ላይ ሆኖ ከተማዋን እንደሚያነሳ ሰው ስልኩን አጋድማችሁ አንሱ። ከደበዘዘ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ተጨምቆ ይሆናል፤ ላኪው እንደ ፋይል ይላክላችሁ።

ፎርማቱ አንዴ ለተሠራባችሁ፦ ኮምፒውተሩን ብዙ አትጠቀሙበት። ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ካለ ባለሙያው ሳይጠርግ ከላይ ነው የጫነው፤ በውስጡ የድሮው ዩዘርስ አለ። ዊንዶውስ ራሱ ከቀናት በኋላ ሊያጠፋው ስለሚችል ዛሬውኑ ወደ ፍላሽ ገልብጡት። ዲ ድራይቭንም እዩ፤ ሲ ብቻ ከተጠረገ ዲ ላይ ያለው አይነካም።

ገና ልትወስዱ ላላችሁ ደግሞ፣ ሱቁ ውስጥ ቁሙና ለባለሙያው እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዩዘርስን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥልኝ። ፎቶዎቹን ከፍተህ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ የምትጭነውን ጫን።»