ወገን፣ ቶሎ ያደገ ዛፍ ሁሉ ካርቦን ይዞ አይቀርም

ወገኖቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቶሎ የሚደርስ ችግኝ ስጡን የምንለውን ነገር እባካችሁ እንተው። የተራቆተ ተራራ ላይ ባህር ዛፍ ደርድረን በሦስት ዓመቱ ሽቅብ ሲመዘዝ ስናይ አየሩን የሚያሞቀውን ካርቦን ከአየር ስበን ያከማቸን ይመስለናል፣ ግን እኮ ያ ዛፍ በአምስት በስድስት ዓመቱ ተቆርጦ ማገዶና ከሰል ከሆነ የያዘው ካርቦን ተቃጥሎ ወደ አየር ነው የሚመለሰው። የደረቀ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ካርቦን ነው፣ ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ዛፉ ስንት ዓመት ይቆማል፣ ከስሩ ያለው አፈርስ ረጋ ወይ ብለን ነው። ባህር ዛፍ ስር ሳር እንደልቡ አይበቅልም፣ የረገፈውን ቅጠል ደግሞ ለምጣድ ብለን ጠርገን እንወስደዋለን፣ ከዛ ዝናቡ ባዶውን አፈር ይዞት ይወርዳል።

ባህር ዛፍ ይነቀል አላልኩም። ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ አዲስ አበባን በማገዶም በቤት መስሪያም የደገፈ ዛፍ ነው፣ ለአጣናና ለማገዶ በቦታው ይተከል፣ የተጎዳ ተራራ ማዳኛ ግን አናድርገው።

አዊ ዞን ፋግታ ለኮማን እዩ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተክሎ ከሰል እየሸጠ ኑሮውን ቀየረ፣ መሬቱም አገገመለት፣ እሰየው። ግን ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለሆነ ዋግ መሰል የዛፍ በሽታ ሲገባ ከማሳ ማሳ ተዛመተ፣ ልፋቱ ቆሞ ሲደርቅ ያየው ሰው ብዙ ነው፣ ያሳዝናል በጣም። አፋርም ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ የገባው ድርቅ ይችላል ቶሎ ያድጋል ተብሎ ነበር፣ ዛሬ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ወርሶታል።

ወላይታ ሁምቦ ላይ ግን 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው የለመለመው መሬት ውስጥ በህይወት ከቀረ ጉቶ ነው። ህዝቡ ቦታውን ከከብትና ከምሳር ከለለ፣ ካቆጠቆጠው ውስጥ ጠንካራውን እየተወ ሌላውን መለመለ፣ ሥሩ ድሮም እዛው ስለነበር ደኑ ቶሎ ተመለሰ፣ የካርቦን ክሬዲትም (ደኑ ለያዘው ካርቦን ገዢ የሚከፍልበት የምስክር ወረቀት) ተሸጠበት። ፍጥነት ለምትሉ ይኸው ፍጥነት!

ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ጉቶ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ፣ ካለ ከልሉት፣ ሳሩን እያጨዳችሁ ለከብቱ ውሰዱ። ባዶ የቀረው ቦታ ላይ እንደ አየሩ ግራር፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ደጋ ከሆነ ወይራና ጽድ እየቀላቀላችሁ ትከሉ። ውጭ ሀገር ያላችሁም ለችግኝ ብር ስታዋጡ የሁለት ሦስት ዓመት የጥበቃ ደሞዝም አብራችሁ ላኩ።