የሜታስታዚዮ ቤት

ስለ ቪየናው የቤተ መንግሥት ገጣሚና የኦፔራ ግጥም ደራሲ ስለ ሜታስታዚዮ የጻፋችሁት ግሩም ነው። ልጅነቱ ግን በአንድ መስመር መታለፍ አልነበረበትም። የሮም ልጅ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ ግጥም እዚያው በቃሉ ሲደረድር ግራቪና የሚባል የሕግ ምሁር ሰማው፤ ወስዶም አሳደገው፣ አስተማረው። እ.ኤ.አ. በ1730 ቪየና ገባ፤ በ1782 የሞተውም እዚያው ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የኖረበት ቤት ነው። በኋላ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የሆነው፣ ያኔ ግን ገና ያልታወቀው ወጣቱ ሃይድን እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ተከራይቶ ነበር። ሜታስታዚዮ አብሯቸው የሚኖረው ቤተሰብ ልጅ የሆነችውን ማሪያናን ሃይድን ሙዚቃ እንዲያስተምራት አደረገ። ማሪያና ማርቲኔዝ በኋላ ራሷ የታወቀች የሙዚቃ ደራሲ ወጣት። እባካችሁ ስለ እሷም ጻፉልን!