የስፖርተኛ ግለ ታሪክ ለማንበብ ካሰባችሁ ከአጋሲ ጀምሩ

አብዛኛው የስፖርተኞች ግለ ታሪክ ያሰለቻል። ልጅነት፣ የመጀመሪያ ክለብ፣ የመጀመሪያ ዋንጫ፣ ከዚያ ለአሰልጣኝና ለቤተሰብ ምስጋና። ጎሉን በዩቲዩብ አይተነዋል፣ ውጤቱንም እናውቀዋለን። ታዲያ ሦስት መቶ ገጽ ምን ብለን እናነባለን? የእኔ መለኪያ አንድ ነው። ስፖርተኛው ቢደብቀው ማንም የማያውቅበትን ነገር ከነገረኝ አነባለሁ።

በዚህ መለኪያ የአንድሬ አጋሲን «ኦፕን» የሚያህል አላገኘሁም። የወጣው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቴኒስ የማትከታተሉም ብትሆኑ አትፍሩት። ስምንት የግራንድ ስላም (የቴኒስ አራቱ ትልልቅ ውድድሮች) ዋንጫ ያነሳው ሰው ገና ሲጀምር ቴኒስን እንደሚጠላ ይነግራችኋል። አባቱ ለኢራን በኦሊምፒክ የተወዳደሩ ቦክሰኛ ነበሩ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ጓሯቸው ላይ የቴኒስ ሜዳ ሠሩ፤ ኳስ የሚተፋ ማሽንም በገዛ እጃቸው አስተካክለው አቆሙበት። ልጁ ማሽኑን «ዘንዶው» ይለዋል። በሰባት ዓመቱ በቀን 2,500 ኳስ ይመታል። በአባትየው ስሌት በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ኳስ የሚመታን ልጅ የሚያሸንፈው የለም።

ከመጽሐፉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የ1990 የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ነው። አጋሲ ያኔ ፀጉሩ እየረገፈ ስለነበር ዊግ ያደርጋል። በፍጻሜው ዋዜማ ሻወር ሲወስድ ዊጉ ይበጣጠስበታል። ወንድሙ በፀጉር ማስያዣ ጠጋግኖ እንደምንም ያቆምለታል። በማግስቱ ሜዳ ገብቶ የሚጸልየው ዊጉ እንዳይወድቅበት ነው። ማሸነፉን ረስቶታል። ተሸነፈም።

በ1997 አደገኛ ዕፅ መውሰዱን፣ በምርመራ ሲያዝም በስህተት ከሰው ብርጭቆ ጠጥቼ ነው ብሎ በደብዳቤ ዋሽቶ ከቅጣት ማምለጡን የነገረንም ራሱ ነው። ያን ዓመት በዓለም ደረጃ 141ኛ ወርዶ ነበር። በ1999 ተመልሶ አንደኛ ሆነ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ መጽሐፉን አብሮት የሠራው ጄ.አር. ሞህሪንገር የተባለ ጋዜጠኛ ነው። ከአጋሲ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ እየቀዳ ጻፈው፤ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ የለም።

የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ የቶኒ አዳምስን «አዲክትድ» ፈልጉ። በ1998 የወጣ ነው። አምበላችን ጠጥቶ በማሽከርከር እንዴት እስር ቤት እንደገባ፣ የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን እንዴት አምኖ እንደተቀበለ ታነባላችሁ። ዋንጫዎቹም አሉበት፤ ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከምንም አይቆጠሩም።

የእንግሊዛዊው ሯጭ የሞ ፋራህ ጉዳይ ይለያል። በ2013 ባወጣው ግለ ታሪኩ እንግሊዝ የገባበትን መንገድ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ይተርካል። በ2022 ግን ቢቢሲ ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም ላይ እውነተኛ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን እንደሆነ ተናገረ። በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በሌላ ልጅ ስም ከጅቡቲ ተወስዶ፣ ለንደን በሰው ቤት ሕፃናት ሲጠብቅ ነበር። ቤተሰብህን ማየት ከፈለግህ አፍህን ዝጋ ተብሏል። ዋሸን የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ አልልም። በሰው ቤት እየሠሩ ያደጉ ልጆች በሞሉበት አገር ለምንኖር ለእኛ ዝምታው እንግዳ አይደለም። መጽሐፉን ይህን አውቃችሁ ካነበባችሁት ያልተጻፈውም ይታያችኋል።

ከሁሉም በላይ ላነበው የምመኘው መጽሐፍ ግን እጄ አልገባም። የማርሽ ቀያሪው፣ የሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ታሪክ በራሳቸው አንደበት። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኙ፤ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ሲጀመር ግን መነሻው ላይ አልነበሩም። ለምን? አንዱ መፀዳጃ ቤት ነበሩ ይላል፣ ሌላው ጥፋቱ የአሰልጣኞቹ ነው ይላል። በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ቀረች። ሁለቱን ወርቅ ሞስኮ ላይ እስኪያገኙ ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ምን ያስቡ ነበር? በ2016 ካናዳ ውስጥ አረፉ። አሁን ማን ይነግረናል?

ደራርቱ ቱሉ ግን አለች። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ቀድማ ገባች፤ ከዚያ ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። እሷ ጥቁር፣ ሜየር ነጭ፤ አፓርታይድ ደግሞ ገና አልፈረሰም። በዚያ ዙር ምን ተባባሉ? በምን ቋንቋ? የኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራሞቻችን ስለ እንግሊዝ ክለቦች ዝውውር ለሰዓታት ያወራሉ። ጋዜጠኞች፣ እባካችሁ ከዚያው ሰዓት ላይ ቀንሱና መቅረጫ ይዛችሁ እሷ ጋ ሂዱ። የአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ አይበቃም፤ ወራት ስጡት። አሳታሚዎችም ወጪውን ቻሉ።