ለሰርፕራይዝ አዘጋጆች የቀረበ ምስጋና

ዛሬ የተነሳሁት ለማመስገን ነው። ከመስከረም 23 ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ምስጋና አለኝ።

እንደምታውቁት በዚህ ከተማ ዝም ብሎ መወለድ ቀርቷል። ዝም ብሎ ማርገዝ፣ ዝም ብሎ መመረቅ፣ ዝም ብሎ ጥርስ ማብቀልም እንዲሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይዛችሁ ብትወጡ ፊኛ ታቅፎ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አታጡም። ፊኛው ታክሲ ውስጥ የሦስት ሰው ቦታ ይይዛል። ረዳቱ ግን ሒሳብ አይጠይቀውም፤ የሰው ደስታ ነውና። ከፊኛው ኋላ የተቀመጥነው ደግሞ መስኮቱ ተሸፍኖብን፣ መውረጃችን አልፎ አድዋ ሙዚየም ደጃፍ እንወርዳለን።

ያሳደጉን ሰዎች እንዴት እንደኖሩ ሳስበው ያሳዝኑኛል። ልጅ ሲወለድ ከጓዳ እልል ይባላል። አለቀ። ለወንድ እልልታው ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል፤ ጎረቤት ቆጥሮ ጾታውን ያውቃል። (ለሴት ለምን እንደሚያንስ ሌላ ቀን እንጣላበታለን።) ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ይፈሳል፣ የመጣ ሁሉ በልቶ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ይሄዳል። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። ፎቶ ያነሳ ካለ አነሳ፣ ከሌለም የለም። ዛሬ ገና ላልተወለደ ልጅ ሮዝና ሰማያዊ ጭስ ይተኮሳል። ፊደል ያልጨረሰ የአምስት ዓመት ልጅ ጋውን ለብሶ፣ ቆቡ እስከ አፍንጫው ወርዶበት "ተመራቂ" ይባላል። እሰየው ነው።

የሁሉም ቁንጮ ግን ሰርፕራይዝ ነው። ሰርፕራይዝ ማለት የምትወደውን ሰው በጣም እንደምትወደው ለማሳየት በጣም ማስደንገጥ ነው። የዚህ ጥበብ ባለሙያዎች በየሰፈሩ በዝተዋል። እኔም አንዱን ሥራቸውን በዓይኔ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

አክስቴ ግንፍሌ ነው የምትኖረው። የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። አያቴ በሕይወት ሳለች "የነመንግሥቱ ነዋይ ግርግር ጊዜ ነው፣ ተኩሱ ሲሰማ ምጤ መጣ" ትል ነበር። ያ ግርግር ታኅሣሥ 1953 ስለሆነ አክስቴ የታኅሣሥ ልጅ ናት። ልደት አክብራ አታውቅም። ስንጠይቃት "እኔ የጥይት ልጅ ነኝ" ብላ ትስቃለች።

ዘንድሮ ልጆቿ 65ኛ ዓመቷ ሊታለፍ አይገባም አሉ። ሳይጠይቁኝ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከተቱኝ። (ክረምቱን ሙሉ የጓዳዋ ጣሪያ ሲያፈስባት ምንም ግሩፕ አልተከፈተም፤ ይህን ግን ለክፋት አይደለም የማነሳው።) መጀመሪያ የተነሳው ችግር ታኅሣሥ ጾም መሆኑ ነው። ነቢያት ነው፣ ኬኩ አይበላም። ስለዚህ ልደቷ ወደ መስከረም ይምጣ ተባለ። ቀኑን የማያውቅ ሰው ልደቱ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ይገፋል፣ ይሳባል። ካሜራማኑ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ አለበት። ያለው ክፍት ቀን ዓርብ፣ መስከረም 23 ብቻ ነው። ዓርብ ሆነ። ከጾም ሸሽተው ዓርብ ላይ አረፉ። ኬኩ ክሬም ነበር።

ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግቢው ላይ ድንኳን ይተከል ተባለ። የዲኮር ሰዎች ድንኳን ዋጋው አይቀመስም። የእድሩ ድንኳን ግን እዚያው ሰፈር አለ፣ ለአባል በርካሽ ይሰጣል። ወንበሩም ከእድሩ መጣ። ዲኮር የምትሠራው ልጅ "ቴሙ ነጭ ነው" ስላለች ሁላችንም ነጭ በነጭ ለበስን። ሴቶቹ ነጠላ አደረጉ። የአክስቴ ታላቅ እህት ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተሳፍራ መጣች። የነፍስ አባቷ ለምርቃት ተጠሩ። የእድሩ ዳኛም ድንኳኑን ካበደሩ አይቀር ተብለው ከፊት ተቀመጡ።

ቀጥሎ መመሪያ ተሰጠን። እስክትገባ ድረስ ማንም እንዳይናገር፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ።

እንግዲህ አስቡት። የእድር ድንኳን ውስጥ፣ የእድር ወንበር ላይ፣ ነጭ የለበሰ አርባ ሰው፣ ቄስና የእድር ዳኛ ከፊት አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ በር በሩን እያየ ዝም ብሏል። የአዲስ አበባ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል አይነገረውም።

አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ አራዳ ጊዮርጊስ ናት፤ ቀኑ የጊዮርጊስ ነው። ቅዳሴው አልቆ ጸበል ስትጠጣ ስልኳ ጮኸ። ታላቋ ልጇ ናት። "እማዬ፣ ቶሎ ወደ ቤት ነይ። ምንም የለም። አትደንግጪ።"

በአማርኛ ከ"አትደንግጪ" የበለጠ የሚያስደነግጥ ቃል ካለ ንገሩኝ።

እህል በአፏ ሳይዞር ከፒያሳ አራት ኪሎ በታክሲ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግሯ እየሮጠች መጣች። መንገድ ላይ ባለሱቁን "ቤት ምን አለ?" አለችው። ባለሱቁ ምስጢሩን ያውቃል። ሳቁ እንዳያመልጠው ፊቱን አዞረ። መርዶ ደብቆ የያዘ ሰውም ፊቱን የሚያዞረው ልክ እንደዚያ ነው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ከአጥሩ በላይ የድንኳኑን ጫፍ አየችው።

በሩን ገፍታ ስትገባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

"ልጄን!" አለች። ትንሹ ልጇ ዱባይ ነው ያለው። ያን ጊዜ ነው አርባ ሰው አንድ ላይ "ሰርፕራይዝ!" ብሎ የጮኸው። ብልጭልጭ ወረቀት የሚተፋው ቱቦ ከግራና ከቀኝ ጓ! ጓ! አለ። በተኩስ የተወለደችን ሴት በተኩስ ተቀበልናት።

እሷ ግን ምኑንም አልሰማችም። ደረቷን እየመታች መሬት ወደቀች። አጠገቧ የነበረች አንዲት ጎረቤት አብራ ተነስታ ዋይታዋን ለቀቀችው። ይህች ጎረቤት ማንም አልጠራትም። ጠዋት ድንኳኑ ሲተከል አይታ ለለቅሶ ነው የመጣችው። ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር መስሏት አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊኛ ሥር ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ፊኛውን ምን ብላ እንዳለፈችው አላውቅም። ንፍሮም ይዛ ነበር።

የዱባዩ ልጅ ለካ በቪዲዮ ገብቷል። ኔትወርኩ ስለዘገየ እሱ "ሰርፕራይዝ!" ያለው እናቱ ስሙን እየጠራች ስትንከባለል ነው። አንዱ ብልህ "ይኸው፣ ይኸው ልጅሽ፣ ደህና ነው!" ብሎ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነው። በዚያች ደቂቃ ምስሉ ቆመ። ዓይኑን ከድኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ንቅንቅ የማይል ልጅ አየች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ለቅሶ ልነግራችሁ አልችልም። የደብረ ብርሃኗ እህትም ተጠራጠረች መሰለኝ፣ እሷም ጀመረች። የእድሩ ዳኛ እንኳ ከልማድ የተነሳ ነው መሰል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በስንት ማባበል ልጁ በድምፅ ተገናኝቶ፣ ውሃ ፊቷ ላይ ተረጭቶ፣ ተነስታ ተቀመጠች። ካሜራማኑ ያኔ ቀረብ አለ። "ማዘር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ወጥተው ይግቡልን። ወረቀቱ ፊትዎን ሸፍኖብኛል።"

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ይህች ሴት የደም ግፊት አለባት፣ ጠዋት ማታ ኪኒን ትውጣለች። የባሏን ሞት የተረዳችው በዚሁ በር ነው። ያኔም በስልክ "ቶሎ ነይ፣ አትደንግጪ" ነው የተባለችው። ያኔም የተተከለው ያው ድንኳን ነው። ልጆቿ እዚያው ነበሩ፣ ያውቃሉ። እኔም ነበርኩ። እና ያ ልጅ "ወጥተው ይግቡልን" ሲላት አንዳችንም "ዞር በል ከፊቷ" አላልነውም። ፊኛ ይዤ ቆሜ ነበር። እሷ ልጆቿን እንግዳ ፊት ላለማሳፈር ጉልበቷ እየተብረከረከ ወጣች። በሩን ዘጋች። ከፍታ ገባች። በሁለተኛው ሳቀች። ቪዲዮው ላይ የምታዩት ሳቅ እሱ ነው። ያ ሳቅ አይደለም። እናት ልጇን ስትሸፍን ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ፕሮግራሙ እንደታሰበው ቀጠለ። ሻማው ተለኮሰ፣ ጠፋ፣ ለቪዲዮ እንደገና ተለኮሰ፣ እንደገና ጠፋ። ሦስቱም ልጆች (አንዱ በስልክ) እናታቸውን ኬክ ሲያጎርሱ መነሳት ነበረባቸው። ዓርብ ነው፣ ክሬም ነው፣ የነፍስ አባቷ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ኬኩ ከንፈሯ አጠገብ ተይዞ ብዙ ፎቶ ተነሳ። አልቀመሰችም። ቄሱም ለጨዋነት ዛፍ ዛፉን አዩ።

ከዚያ ተነስተው መመረቅ ጀመሩ። ገና ከአብርሃምና ከሣራ ሳይወጡ ዲኮሯ ልጅ በጆሯቸው አንድ ነገር አለች። በኋላ ስሰማ "አባ፣ ለቲክቶክ ስለሆነ ቢያሳጥሩልን" ነው ያለቻቸው። አሳጠሩት። አሜን እንኳ በቅጡ አላልንም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አክስቴ እህል ልትቀምስ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ኬክ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ቅቤ የተነከረ ክትፎ አለ። ጾም የሆነ አንድ ነገር ብቻ ተገኘ። ያቺ ጎረቤት ለቀብር ብላ የቀቀለችው ንፍሮ። አክስቴ 65ኛ ዓመት ልደቷን፣ በሦስት ወር ቀድሞ፣ በለቅሶ ንፍሮ አከበረች። ጎረቤቷም አብራት ቆረጠመች። ቢያንስ ልፋቷ ሜዳ አልቀረም። ስትወጣ ግን በር ላይ ቆም ብላ "እና ማንም አልሞተም?" ስትለኝ፣ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ከመጀመሪያው መግቢያ ለቅሶውን ወስደዋል፣ ከሁለተኛው ሳቁን። መሃል ላይ ክራር ገባ። ከላይ "የእናት የደስታ እንባ" የሚል ጽሑፍ አለ። ሕዝቡ በቁመናዋ፣ በልጆቿ ፍቅር፣ በነጩ ቴም ተደስቷል። ብዙዎች ዲኮሩን ማን እንደሠራው ጠይቀዋል። አንድ ሰው ብቻ ከሥር "ነጠላዋ ለምን ተዘቀዘቀ?" ብሎ ጽፏል። የቆየ ሰው መሆን አለበት። ማንም አልመለሰለትም።

የቴሌግራም ግሩፑ እስካሁን አልተዘጋም። ትናንት አዲስ ሐሳብ ቀርቧል። መስከረም የተደረገው ለጾሙ ሲባል ነው፣ ትክክለኛው ቀን ግን ታኅሣሥ ስለሆነ ያኔ ደግሞ ትንሽ ነገር፣ ቤተሰብ ብቻ፣ እናድርግላት የሚል። አምስት ሰው ልብ ልኮበታል። ድንኳኑን የሚያናግረውም ሰው ተመርጧል።

እኔ ግሩፑን ዘግቼ ስልኬን አነሳሁና ደወልኩላት። ምንም ጉዳይ የለኝም፣ ቡና ልጠጣ ልመጣ ብዬ ነው። "አክስቴ፣ ቤት አለሽ? እየመጣሁ ነው" አልኳት።

ዝም አለች። ሲኒው ሲቀመጥ ይሰማኛል።

"ልጄ" አለችኝ ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እውነቱን ንገረኝ። ኬክ ነው ወይስ ሰው?"